ፕሮሰሰሩ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ፣ እስቲ አንድ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ይመጣል። የጌም ኮምፒውተር ዕቃ በሻንጣው ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። በጀቴ 800 ዶላር ነው። ኬዝና ሞኒተር እዚሁ አዲስ አበባ እገዛለሁ፤ ኬዝ ተሸክመህ ና ብለው ይታዘበኛል።

ግራፊክስ ካርዱን ወስኛለሁ፤ አርቲኤክስ 4060። 8 ጊጋ ሜሞሪው ትንሽ ያሳስበኛል። ግን የምጫወተው በ1080ፒ (ፉል ኤችዲ የስክሪን ጥራት) ነው። የሚበላውም 115 ዋት ገደማ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሴ አይጨነቅም።

እኔን የጨነቀኝ ፕሮሰሰሩ ነው። ራይዘን 5 5600 ርካሽ ነው፤ ከድሮው ኮምፒውተሬ የተረፈ 16 ጊጋ ዲዲአር4 ራምም አለኝ። ችግሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ሶኬት፣ ኤኤም4፣ ያረጀ ነው። ራይዘን 5 7600 ብገዛ ሶኬቱ አዲሱ ኤኤም5 ስለሆነ ነገ ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሬ እቀጥላለሁ፤ ግን አዲስ ማዘርቦርድና ዲዲአር5 ራም ሲጨመርበት ኪሴ ይራቆታል።

ፓወር ሰፕላዩስ? ከዚያ የመጣው በእኛ 220 ቮልት ይሠራል? አንድ ጓደኛዬ ከኋላ ያለችውን ቀይ ማብሪያ 115 ላይ ትቶ ሰካው። ጧ! ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ስሰካ ጆሮዬን ይዤ ነው።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ትገዙ ነበር? ልጁ ቅዳሜ ያዝዛል።