በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ማን ይናገራል? ለጋራ ሐሳባችን የተከፈተ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፣ የእንግሊዝኛ መምህርት፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ተሰብስበን በቋንቋ ክፍሎቻችን ሴትና ወንድ ተማሪዎች እኩል የሚናገሩበትን፣ የሚያነቡበትንና የሚጽፉበትን አሠራር የሚመለከት የጋራ ሐሳብ አዘጋጅተን ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለማቅረብ መስማማታችን ይታወሳል። ረቂቁን ከመጻፋችን በፊት ግን ያልተቋጨ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ሐሳባችን ከየት ይጀምር የሚለው ነው። ከፊላችን ከይዘቱ፣ ማለትም ከምንባቡ፣ ከሰዋስው ምሳሌውና ከተረትና ምሳሌው እንጀምር ስንል፣ ከፊላችን ደግሞ መምህሩ ክፍል ውስጥ ከሚያደርገው እንጀምር ብለናል። ሁለቱንም ጎን ለጎን እናስኪድ ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ብዙ የሚጠይቅ ሰነድ አንዱንም ሳያስፈጽም መደርደሪያ ላይ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የቱ እንደሚቀድም ከነምክንያቱ እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መግቢያው ከአንድ አንቀጽ ባይበልጥ እመርጣለሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች ያረጋገጠውን መብት፣ እንዲሁም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ኅብረተሰቡ ስለ ሴቶች ሚና ያለውን አመለካከት ማስተካከልን ከትምህርት ዓላማዎች አንዱ ማድረጉን ከጠቀስን ይበቃል። ጽሕፈት ቤቱ ሕጉን ያውቀዋል፤ ከእኛ ሊሰማ የሚገባው በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ነው።

የአማርኛ መምህር፣ ፒያሳ አካባቢ፦

ለሰብሳቢያችን ምስጋናዬ ይድረስዎት። እኔ ከይዘቱ እንጀምር ከሚሉት ወገን ነኝ። ልጆቻችን ባለቤትን፣ ተሳቢንና ማሰሪያ አንቀጽን ለይተው ሲማሩ ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ አብሯቸው ያደገው ዓረፍተ ነገር «አበበ በሶ በላ» ነው። በሶውን ማን ቆልቶ፣ ማን ፈጭቶ እንዳቀረበለት ግን ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። ተማሪዎቼ በጥገኛ ሐረግ እንዲያስፋፉት ሳዝዝ አብዛኞቹ «እናቱ ቆልታ የፈጨችለትን በሶ አበበ በላ» ብለው ጻፉ፤ አንዲት ልጅ ግን «አበበ ራሱ ቆልቶ የፈጨውን በሶ ለእኅቱ አቀረበ» ብላ አነበበች። ክፍሉ ሳቀ፤ ሳቁ ሲበርድ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ተነሥቶ «እንዲህ ከሆነ በሶው ተሳቢ ሆኖ ይቀጥላል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። የሰዋስው ትምህርት በዚያ ቀን ያለ ተጨማሪ ወጪና ያለ ስብከት ሁለት ሥራ ሠራ።

የበለጠ የሚያከራክረን ተረትና ምሳሌው ነው። አንዳንድ አባላት «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውና መሰሎቹ ከክፍል ይውጡ ብለዋል። በዚህ አልስማማም። ልጁ ትምህርት ቤት ባይሰማው ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ይሰማዋል፤ እዚያ ደግሞ «ይህን ማን ለማን፣ ምን ሊያስፈጽም ተናገረው?» ብሎ የሚጠይቅለት የለም። ክፍል ውስጥ ግን ይህ ጥያቄ የሥነ ቃል ትምህርቱ ራሱ ነው። «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» የሚለውን ብንወስድ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ለሴቷ ኃይል የሰጠ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን መንገዱን የሚሄደውም፣ በድፍረቱ የሚነሣውም ወንዱ ነው፤ እሷ ላኪ ብቻ ናት። ይህን ራሳቸው ተማሪዎቹ ፈልቅቀው ሲያወጡት ማየት ከየትኛውም የክልከላ ዝርዝር ይበልጣል።

ስለ ክርክር ርዕሶችም አንድ ነገር ልጨምር። «ከእናትና ከአባት ማን ይበልጣል?» የሚለው የዘወትር ርዕስ ሴቶቹን በእናት፣ ወንዶቹን በአባት በኩል አሰልፎ ክፍሉን ለሁለት ይከፍላል። ርዕሱን መቀየር እንኳ ባንችል ጎራው በዕጣ ይለይ፤ ወንዱ ስለ እናት፣ ሴቷም ስለ አባት ይሟገቱ። የክርክር ጥበብ የራስ ባልሆነ ወገን ቆሞ መናገርን ይጠይቃልና ለትምህርቱም የሚሻለው ይኸው ነው።

የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህርት፣ አምስት ኪሎ፦

ጋሼ፣ የበሶውን መልመጃ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ለመውሰድ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። በቅደም ተከተሉ ላይ ግን እለያለሁ። ይህን የምልበት ምክንያት በቡድን ሥራ ዘወትር የማየው ነገር ነው። ወረቀቱን የምትጽፈው ሴት ልጅ ናት፤ ጽሕፈቷ ያምራላ። ተጽፎ ሲያልቅ ወረቀቱ ለቡድን መሪው ይሰጣል፤ እሱ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የእሷን ዓረፍተ ነገር እየተንተባተበ ያነባል፤ እሷ ከዴስኳ ጎንበስ ብላ ቃሉን በሹክሹክታ ታቃናለታለች፤ ማርኩም ለ«ጥሩ አቀራረብ» ይሰጣል። ምንባቡ ስለ ሴት አውሮፕላን አብራሪ ቢሆን እንኳ በዚያ ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ የተናገረው ወንዱ ብቻ ነው። ቋንቋ ደግሞ በመናገር እንጂ ስለ ተናጋሪ ሴት በማንበብ አይለመድም።

በእንግሊዝ አገር የቋንቋ ክፍሎችን ያጠናችው ጄን ሰንደርላንድ ከባልደረቦቿ ጋር ያሳየችው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ምንባቡ ሚዛናዊ ሆኖ ሳለ መምህሩ በአቀራረቡ ሊያዛባው፣ ምንባቡ የተዛባ ሆኖ ሳለም መምህሩ ሊያቃናው ይችላል። የእርስዎ የተረትና ምሳሌ አያያዝ ለሁለተኛው ጥሩ ማስረጃ ነውና፣ ጋሼ፣ ሳይታወቅዎት ለእኔ ወገን ተከራክረዋል።

ከዚህ ጋር መታየት ያለበት ጥያቄ ጠይቀን የምንታገሥበት ጊዜ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሳይንስ ክፍሎች ባካሄደችው ጥናት፣ መምህራን ከጥያቄያቸው በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያድግ ግን መልሶቹ እንደሚረዝሙና ዝምተኛ የነበሩ ተማሪዎችም መሳተፍ እንደሚጀምሩ ተመልክታለች። ጥናቱ ስለ ጾታ አልነበረም። ሆኖም በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ጣቱን እያጮኸ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» የሚለው ማን እንደሆነ ለመናገር ማናችንም ጥናት አያስፈልገንም።

ስለዚህ ሐሳባችን በአንድ ቀላል የምልከታ ቅጽ ይጀምር እላለሁ። ቅጹ የዴስኮቹን አቀማመጥ የሚያሳይ ግማሽ ገጽ ሥዕል ይሆናል፤ ሌላ መምህር ወይም መምህርት ከኋላ ተቀምጠው ማን እንደተጠየቀ፣ ማን «ለምን?» የሚል ተከታይ ጥያቄ እንደቀረበለት፣ መልሱ ሳያልቅ የተቋረጠው ማን እንደሆነ በምልክት ይመዘግቡበታል። ብዙዎቻችን ሴቶቹን አንብቢ ብለን አስነሥተን፣ ምክንያት የሚያስጠይቀውን ጥያቄ ለወንዶቹ እናስቀራለን፤ የእጅ ቆጠራ ብቻ ይህን አያሳይም።

የአፋን ኦሮሞ መምህር፣ አራዳ፦

በቅጹ እስማማለሁ፤ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይግባበት። በአፋን ኦሮሞ «አቲ» (አንተ ወይም አንቺ) የሚለው መጠሪያ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው፤ በሦስተኛ መደብ ላይ ሲደርስ ነው «ኢሳ» (እሱ) እና «ኢሼ» (እሷ) ተብሎ የሚለየው። አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ የፈቱ ልጆች በአማርኛ ክፍል ለሴት ጓደኛቸው «አንተ» ሲሉ ይሳቅባቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ንቀት ይቆጠርባቸዋል። ይህ የቋንቋ ሽግግር ስሕተት ነውና ተማሪውም ሆነ ተማሪዋ በዝግታ ይታረሙ እንጂ በጾታ አድልዎ መዝገብ አይግቡ። በተቀረ የክፍሉ ትእዛዝ ሁሉ «አንብቡ»፣ «ጻፉ»፣ «መልሱ» እየተባለ በብዙ ቁጥር ቢሰጥ አማርኛው ራሱ ሁሉንም ያቅፋል። የጽሑፍ ፈተናዎቻችን ትእዛዝ አስቀድሞም እንደዚሁ ስለሆነ የሚቀረው በቃል የምንሰጠው ብቻ ነው።

የአማርኛ መምህር፣ ስድስት ኪሎ፦

አጭር ሐሳብ አለኝ። ወንዶቹም የሚታፈኑበት ቦታ አለ። ናፍቆትን ወይም ኀዘንን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ ያነበበ ወንድ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሲቀለድበት አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ ስለ ኳስ ሆነ። አንባቢ ላይ የሚነሣ ሳቅ በሴትም በወንድም ላይ ቢሆን በዚያው ቅጽበት እንዲቆም በሐሳባችን ውስጥ ይካተት። ድርሰት ስናርም ደግሞ ስሙ ተሸፍኖ በመለያ ቁጥር ብቻ ይታረም፤ ጽሕፈቱን ለይተን የማናውቅ ያህል ባንሆንም ቢያንስ ጥረት ይሆናል።

የቋንቋ ትምህርት ክፍል ተጠሪ፣ ካዛንቺስ፦

ሐሳቦቹ መልካም ናቸው፤ እኔ የማነሣው አፈጻጸሙን ነው። ከሁሉ በፊት የምልከታ ቅጹ ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር በምንም መልኩ እንዳይገናኝ በግልጽ ይጻፍ። ቅጹ ለሱፐርቫይዘር ወይም ለርዕሰ መምህር የሚሄድ ከሆነ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁሉም ክፍል እኩል የተናገረበት ቅጽ ይደርሰናል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ አይተናል። ቅጹን የሚያዩት ተመልካቹና የታየው መምህር ብቻ ይሁኑ፤ ከዚያም ይቀደድ። ወደ ማኅበሩ የሚመጣው መምህሩ ምን ለመቀየር እንደወሰነ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) እንዲያውል ይጠበቃልና የእርስ በርስ ምልከታው በተሙማ ዕቅዳችን ውስጥ ይያዝ። አዲስ ሥራ ነው ተብሎ ከቀረበ ማንም አይቀበለውም፤ የተሙማው አካል ሆኖ ከመጣ ግን ለመሙላት ርዕስ የሚፈልገው ብዙ ነው።

ከአንዳንድ አባላት የተነሣውን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሴቶች የንግግር ክበብ ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ ግን እቃወማለሁ። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ወደ ከተማዋ ዳር ከተዛወሩት ቤተሰቦች ልጆች መካከል እስካሁን በቀድሞ ትምህርት ቤታቸው የሚማሩ አሉ፤ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ተራ ቆመው ሳይመሽ ቤት መድረስ አለባቸው፤ ቤት ሲደርሱም ሥራ የሚጠብቃቸው በአብዛኛው ሴቶቹ ናቸው። በዘጠኝ ሰዓት ተኩል የሚጀምር ክበብ የሚያገለግለው ቤቱ አጠገብ የሆነችውን ተማሪ ብቻ ነው። የምናስበው ሁሉ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይለቅ።

ጸሐፊ፦

የተነሡትን ሐሳቦች በማገናዘብ የሐሳባችንን ዋና አንቀጽ እንደሚከተለው አርቅቄዋለሁ፤ አስተያየት ይሰጥበት።

«የማኅበሩ አባላት የሆኑ የቋንቋ መምህራን በአንድ ወሰነ ትምህርት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እርስ በርስ ክፍል ይመለከታሉ፤ የምልከታው ውጤት የመምህሩ የግል ንብረት ነው፤ ለምዘና አይውልም። አባላት ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ስም ከመጥራታቸው በፊት ቢያንስ 3 ሰከንድ እንዲጠብቁ፣ በቡድን ሥራ የጸሐፊነትና የአቅራቢነት ድርሻ በየጊዜው እንዲፈራረቅ፣ የጻፈውም ሆነ የጻፈችው ተማሪ ቀጥሎ ባለው ጊዜ አቅራቢ እንዲሆኑ፣ የክርክር ጎራ በዕጣ እንዲለይ፣ ድርሰት በመለያ ቁጥር እንዲታረም ይገደዳሉ። መማሪያ መጽሐፉ በሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ ምሳሌዎች፣ ተረትና ምሳሌዎችና አጋዥ ምንባቦች የሚመረመሩበት የመልመጃ ስብስብ በማኅበሩ ይዘጋጃል።»

ከጽሕፈት ቤቱ የምንጠይቀው የምልከታው ሰዓት በተሙማ እንዲያዝልን ብቻ ነው። ገንዘብ አንጠይቅም፤ የቅጹን ማባዣ ወረቀት ትምህርት ክፍሎች ይችሉታል።

የአማርኛ መምህር፣ ፒያሳ አካባቢ፦

በአምስት ኪሎዋ እኅቴ ክርክር ተረትቻለሁ ማለት ባይሆንም ምልከታው መቅደሙን ተቀብያለሁ፤ የመልመጃ ስብስቡን ለማስተባበርም ፈቃደኛ ነኝ። የመጀመሪያው አጋዥ ምንባብ ስለ ስንዱ ገብሩ እንዲሆን አስቤአለሁ፤ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተግዘው የታሰሩ፣ ግጥምና ቴአትር የጻፉ፣ እዚሁ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ምንባቡ ማርች 8 ሲደርስ ተነብቦ የሚታጠፍ እንዳይሆን ግን በኅዳር ወር፣ ከአያያዥ ቃላት ትምህርት ጋር ይግባ።

በረቂቁ ላይ አንድ ማሻሻያ አለኝ። «ይገደዳሉ» የሚለው ቃል «ይስማማሉ» ተብሎ ይስተካከል፤ ማኅበር አባላቱን የሚያስገድድበት ሥልጣን የለውም፤ ቃሉን ያየ መምህርም ቀሪውን ሳያነብ ያስቀምጠዋል።

ሰብሳቢ፦

ማሻሻያው ተቀባይነት አግኝቷል። ጸሐፊያችን የተስተካከለውን ረቂቅ እስከ ዓርብ እንዲልኩልን፣ የአምስት ኪሎዋ መምህርት ደግሞ የምልከታ ቅጹን ናሙና ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይዘውልን እንዲመጡ እጠይቃለሁ። የምንገናኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ነው። ቅጹን በራሳቸው ክፍል ለማስሞከር የመጀመሪያ ፈቃደኛ የሚሆኑ ሁለት አባላት ከዚያ በፊት ቢያሳውቁኝ ጥሩ ነው፤ አንደኛዋ እኔ ነኝና አንድ ሰው ይቀረናል።