ለእህል ጭነት የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ላሰባችሁ የደብረ ማርቆስ ነጋዴዎች

መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ፣ «ጭነቱንስ በኤሌክትሪክ ብናደርገው?» የሚለው ጥያቄ በእኛ በእህል ነጋዴዎች ዘንድ በዝቷል። ጠያቂው ወንድማችን ጤፍ ከመጋዘን ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ገበያ እንደሚያደርስ፣ አልፎ አልፎም አዲስ አበባ እንደሚዘልቅ ነግሮናል። መኪናውን ከዋጋው ይልቅ በሚሄድበት መንገድ ቢመርጥ እላለሁ።

ለከተማ ውስጥ ሥራ የኤሌክትሪክ የጭነት ባጃጅን ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ። እኛ ከ5 ኩንታል በላይ አንጭንበትም፤ ማታ መጋዘን ውስጥ ተሰክቶ ያድራል፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ የሚባል ወጪም የለበትም። ባትሪው ሊቲየም መሆኑን ግን አስከፍታችሁ እዩ። የመጀመሪያውን ስገዛ ሻጩ ሊቲየም ነው ቢለኝም፣ በኋላ ወንበሩን ስናነሣ የተደረደሩት የአሲድ ባትሪዎች ነበሩ፤ ዓመት ሳይሞላቸው ዳገት ላይ ደከሙ።

ለደምበጫና ለፍኖተ ሰላም ምልልስ አነስተኛ የኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ያዋጣል።

ለአዲስ አበባው መስመር ግን ናፍጣውን አይሱዙ ለጊዜው አትሽጡት። ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ፈተናው የዓባይ በረሃ ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ለመውጣት፣ የጎማና የነፋስ ጫና ሳይቆጠር፣ 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲሄድም ሌላ ዳገት ይጠብቀዋል። ቁልቁለቱ ላይ በአንጻሩ ኤሌክትሪኩ ይበልጣል፤ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ መኪናውን ስለሚይዝ ባትሪው ይሞላል፣ በረሃውን የወረደ ሁሉ የሚያውቀው የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታም ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ደጀን ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ መውረድ ስሕተት ነው፤ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል ስለማይቀበል ሸክሙ ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። በመንገዱ መካከል የምትተማመኑበት ፈጣን ቻርጀር ከሌላችሁ በዚህ መስመር አትድፈሩ።

ከመፈረማችሁ በፊት የባትሪውን ዋስትና በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ጥገናውን በቅርብ የሚሠራ ባለሙያ መኖሩንም ሄዳችሁ አረጋግጡ። ለመኪናው ቻርጀር ባለ ሦስት ፌዝ መስመር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የመስመሩን ማመልከቻ መኪናው ከመገዛቱ በፊት አስገቡ።