ክራር ስመታ ደስ ይለኛል፣ ቀድቼ ስሰማው ግን ደረቅ ነው

ጀማሪ ከሙኒክ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክራር የምማረው ብቻዬን ነው፣ እዚህ አጠገቤ የሚያስተምር ሰው የለም። ትዝታ ላይ ጣቴ ለምዷል፣ እየዘፈንኩም እመታለሁ። በስልኬ ቀድቼ ስሰማው ግን ስሜት የለውም፣ ድምፄም የኔ አይመስለኝም። አንዱ ራስህን ቅዳ ይለኛል፣ ሌላው አንብብ ይለኛል። ከየቱ ልጀምር?

ባለ ስቱዲዮው፦
ድምፅህ አያስጨንቅህ ወንድሜ። የራሳችንን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው ለኛ ወፈር ይላል፤ ቅጂው ላይ ያለው ሌላው ሰው የሚሰማው ነው። ሌላው ችግር ስልኩ ነው። ብዙ ስልኮች ለንግግር እንዲመች ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ለስለስ አድርገህ የመታኸውና ጠንከር ያለው እኩል ሆኖ ይመጣል። የመቅጃው አፕ ሴቲንግ ውስጥ ማጥፊያ ካለው አጥፋው። ስልኩንም ከክራሩ አንድ ሜትር ያህል አርቀው።

የድሮ አስተማሪ፦
ልጄ፣ ከመቅዳትህ በፊት ግጥሙን ያለ ክራር ጮክ ብለህ አንብበው። ብዙ የትዝታ ግጥም የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምት ነው፦ ስድስት ቀለም (ማለትም ክፍለ ቃል)፣ ትንሽ እረፍት፣ እንደገና ስድስት ቀለም። ጀማሪ ጣቱ ስለሚቸኩል ያቺን እረፍት ይዘላታል፣ ዘፈኑም እዚያው ላይ ይደርቃል። ንባብህንም ቅዳው፣ ከዚያ ዘፈንህን ቅዳና ሁለቱን አስተያይ። በንባብ ቆም ያልክበት ቦታ በዘፈንህ ውስጥ ከጠፋ ችግሩ ያ ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ከሆነ ደግሞ ወርቁን ሳታገኝ አትዝፈነው፣ የቱን ቃል ማጉላት እንዳለብህ በምን ታውቃለህ?

ማሲንቆ ወዳጅ፦
የጋሼ ምክር ትልቅ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ቅኝቱ ነው። ቅጂውን ስትጀምር ስድስቱንም ክር አንድ በአንድ ምታ፣ ስትጨርስም ድገመው፤ ክር እየላላ ስለሚሄድ መሃል ላይ ቅኝቱ መውረዱን ከዚያ ታውቃለህ። ስለ ቅኝትም አንብብ፣ ምን እንደምትሰማ እንድታውቅ። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ግማሽ ትዝታ ላይ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ሚህ በሁለቱ መሃል ከተንጠለጠለ ዘፈኑ የደስታም የሐዘንም አይሆንም፣ አንተ ግን ስሜት ያጣህ ይመስልሃል። ደግሞ የዛሬውን ቅጂ ዛሬ አትስማ፤ ስትመታ የነበረው ስሜት ገና ከጆሮህ ስላልወጣ የሌለውን ሁሉ ያሰማሃል።

ጀማሪ ከሙኒክ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እረፍቷ ላይ ትንፋሽ ልውሰድ ወይስ ዝም ብዬ ልለፍ?

የድሮ አስተማሪ፦
ትንፋሽ ስንኙ ሲያልቅ ነው። መሃል ላይ ድምፅህን ብቻ አሳርፈውና ክራሩ ይመልስልህ።