የሊምፎማ ፕሮፖዛላችን፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት ስጡ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን ልኬላችኋለሁ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ በሊምፎማ (የንፍፊት ዕጢዎች ካንሰር) ሴሎች ሽፋን ላይ ያሉት የመጣበቂያ ሞለኪውሎች ከበሽታው መሰራጨት ጋር ያላቸውን ግንኙነት ፓቶሎጂ ካስቀመጣቸው ብሎኮች (በሰም የተያዙ የታካሚዎች ናሙናዎች) ማየት ነው። ስምንት ሞለኪውል ዘርዝሬያለሁ። ከበዛ ቁረጡት።

ከፓቶሎጂ፦ በዝቷል እንጂ! እያንዳንዱን ሞለኪውል አቅልሞ ለማየት የራሱ አንቲቦዲ ያስፈልጋል፤ ለስምንት አንቲቦዲ ዶላር ከየት ሊመጣ ነው? ለእኔ ሲዲ44 እና አይካም-1 ይበቃሉ። ሲዲ44 ሃያሉሮኒክ አሲድን ስለሚይዝ ሴሉ ሄዶ ሌላ ቦታ እንዲቆናጠጥ ይረዳዋል፤ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወጡ ጥናቶችም በብዛት ከታየ በሽታው ሰፋ ብሎ የመገኘቱን ነገር አንስተዋል። አይካም-1 ግን በተቃራኒው ሲጎድል ነው የሚያሰጋው። ቲ ሴሎች (የሰውነት ተከላካይ ሴሎች) ኤልኤፍኤ-1 በሚባል የራሳቸው ሞለኪውል ጨብጠው የሚይዙት እሱን ነዋ፤ ከሌለ የታመመውን ሴል መግደል ያስቸግራቸዋል።

ከውስጥ ደዌ፦ እንግዲያው ረቂቁ ላይ «በደንብ የሚጣበቅ ሴል ብዙ ይሰራጫል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ትውጣ። በደም ሥር ውስጥ ብቻ የሚያድገውን ሊምፎማ አስቡት። ሴሎቹ ብዙ ጊዜ ሲዲ29 (ሌላ የመጣበቂያ ሞለኪውል) እና አይካም-1 ስለሌላቸው የሥሩን ግድግዳ አልፈው መውጣት ያቅታቸዋል፣ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ይታጎራሉ፣ ግን አንጎልም ቆዳም ይደርሳሉ። የሚሄዱበት ቦታም ይለያያል። ጤነኛ ሊምፎሳይት (ነጭ የደም ሴል) አልፋ4ቤታ7 የሚባለው የመጣበቂያ ሞለኪውል ሲኖረው ወደ አንጀት ያመራል፣ አንጀት ላይ የሚገኘው ማንትል ሴል የሚባለው የሊምፎማ ዓይነትም ይህንኑ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ የበሽታውን ደረጃ ብቻ ሳይሆን የት እንደሄደም እንመዝግብ።

ሲስተር ከካንሰር ክፍል፦ ሞለኪውሉን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ከዳውሮም ከከፋም የሚመጡትን ታውቋቸዋላችሁ። አንገቱ ላይ ንፍፊት የወጣበት ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጀምረው የቲቢ መድኃኒት ነው፤ የንፍፊት ቲቢ በአገራችን በጣም ብዙ ስለሆነ ማንንም አልወቅስም፣ ግን ስድስት ወሩን ጨርሶ እብጠቱ አልጠፋ ሲል ነው ለባዮፕሲ (ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር) የሚላከው። ያኔ በሽታው የመጨረሻው ደረጃ፣ ደረጃ አራት ደርሶ ይሆናል። ታዲያ ያሰራጨው ሲዲ44 ነው ወይስ የባከነው ጊዜ?

ከስታቲስቲክስ፦ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን። ይህ ካልተለካ ውጤታችን ዋጋ የለውም። ንፍፊቱ ከታየበት እስከ ባዮፕሲው ያለው ጊዜ ዋና መረጃችን ይሁን። የቲቢ መድኃኒት መጀመር አለመጀመሩም እንደዚያው።

አስተባባሪ፦ ግን የድሮ ካርዶች ላይ ይሄ የለም እኮ።

ከስታቲስቲክስ፦ ስለዚህ ከአሁን በኋላ የሚመጡትን ታካሚዎች እንውሰድ። ቀስ ይበል፣ ምንም አይደል።

ከፓቶሎጂ፦ እስማማለሁ፣ ለእኔም ይሻላል። የድሮዎቹ ብሎኮች አንዳንዶቹ ፎርማሊን ውስጥ ለቀናት ከርመዋል፣ ቀለሙ አይዝላቸውም፤ ፎርማሊን ያበላሸውን «ሲዲ44 የለም» ብለን ልንጽፍ ነው። ለማቅለም ሙከራ ብቻ እንጠቀምባቸው። ደግሞ በመርፌ ብቻ የተወሰደ ናሙና አይበቃንም፣ ዕጢው ራሱ ይምጣ። ቀዶ ሐኪሞቹን ከወዲሁ አናግሩልኝ፣ ኋላ እንዳንጣላ።

ከሕፃናት ክፍል፦ ቡርኪትስ የሚባለው ሊምፎማስ? እኛ ጋ ያለው እሱ ነው።

ከውስጥ ደዌ፦ ለአሁኑ ይቆየን። እሱ በሳምንታት ውስጥ የሚያድግ ስለሆነ የመዘግየቱ ስሌት ሌላ ነው። ከትላልቅ ቢ ሴል ሊምፎማዎቹ ጋር ከቀላቀልነው መውጫ እናጣለን።

ሲስተር ከካንሰር ክፍል፦ መጠይቁ በአማርኛ ብቻ እንዳይሆን፣ አብዛኛው ታካሚያችን የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ደግሞ «ስንት ወር ሆነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ዝም ብሎ «ቆይቷል» ይላችኋል። ከረመዳን በፊት ነው በኋላ? ቡና ሲለቀም ነበር? እንዲህ ከተጠየቀ በደንብ ያስታውሳል። መጠይቁን እኔ ልጻፈው።

አስተባባሪ፦ ጥሩ። ስድስቱን ሞለኪውሎች አውጥቼ፣ የመዘግየቱን ጉዳይ ዓላማው ውስጥ አስገብቼ እስከ ዓርብ እልካለሁ። ከዚያ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ይቀርባል። ፓቶሎጂ፣ ለማቅለም ሙከራው ማመሳከሪያ የሚሆን የቶንሲል ናሙና አላችሁ ወይስ ከአንገት በላይ ክፍል ልጠይቅ?

ከፓቶሎጂ፦ ጠይቅ። ያለን አርጅቷል።