የቆየ የቤዝ አምፕ፦ የስፒከሩ ዳር ረግፏል፣ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የቤዝ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር የቤዝ ጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) አለኝ፣ ስፒከሩ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነው። የአጎቴ ነበር። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሆቴል ውስጥ ይጫወቱ ነበር፤ ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር እንግዳው አንዴ ከገባ እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይመታል። ይሄ አምፕ በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ከአሜሪካ የመጣላቸው ነው። ፊቱ ላይ የነበረው ስም ወድቆ ጠፍቷል፣ ከኋላ ያለው ጽሑፍም ተፍቆ አይነበብም። እስካሁን በትራንስፎርመር ነው የምሰካው፣ 120 ቮልት ስለሆነ።

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ችክችካ እየተጫወትን ወፍራሙን ክር ስመታ የተቀደደ ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ደህና ነው። ቀነስ ሳደርገው ይሻለዋል፣ ከፍ ሳደርገው ይንኮሻኮሻል። ቤት ወስጄ የፊቱን መረብ ፈታሁት። ኮኑ፣ ማለትም እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀት፣ ደህና ይመስላል፣ አልተቀደደም። ዙሪያውን ያለውን ስፖንጅ ግን በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ። ጣቴ ላይ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ዱቄት ቀረ። በአንድ በኩል አንድ ስንዝር የሚያህል ሙሉ በሙሉ ከኮኑ ተላቋል።

ሁለት ቦታ አሳየሁት። አንዱ ሳይከፍተው «አልቆለታል» አለኝ። ሌላው የረገፈውን ቦታ በሲሊኮን ልሙላልህ አለ። ሁለቱም አላሳመኑኝም። አዲስ አምፕ ለመግዛት አቅም የለኝም፣ ቢኖረኝም የዚህን ድምፅ መተው አልፈልግም። የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ካሴት ላይ የሚጫወተውን ዓይነት ወፍራም፣ ክብ ድምፅ የማገኘው በዚህ ብቻ ነው። የሠራችሁት ካላችሁ ምከሩኝ።


ዲጄ ሰሚት፦

ወንድሜ ብዙ አትጨነቅ። መርካቶ ገብተህ ባለ 15 ኢንች የመኪና ሳብ (ሳብዉፈር) ገዝተህ ግጠምበት። አዲስ ነው፣ ዋቱም ከድሮው ይበልጣል። በአንድ ቀን ያልቃል።


ብየዳና ሽቦ፦

ስፒከር መጠገን ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ይሄን ዓይነት ብልሽት በብዛት አይቻለሁ። ያንተ ስፒከር ከነገርከን ነገር ሲታይ የሚድን ነው። ምክንያቱን ልንገርህ።

ያ ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ነው። ብትጫወትበትም ባትጫወትበትም ከአየሩ እርጥበት የተነሳ ራሱን በራሱ ይበላል። አስራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ከቆየ ብዙ ነው። ያንተ ይሄን ያህል መቆየቱ ራሱ በደንብ እንደተያዘ ያሳያል። አብዛኞቹ የቤዝ ጊታር ስፒከሮች ዳራቸው የተጣጠፈ ጨርቅ ስለሆነ አይረግፍም፤ ያንተ ስፖንጅ የሆነው የፋብሪካው ምርጫ ነው። ስፖንጁ ሥራው ሁለት ነው፦ ኮኑን መሃል ላይ መያዝና ከፊትና ከኋላ ያለው አየር እንዳይገናኝ መዝጋት። ወፍራሙ ኢ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፤ ኮኑ ብዙ ርቀት የሚሄደው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ዳሩ ሲላቀቅ መጀመሪያ የሚያለቅሰው ወፍራሙ ክር ነው። ቀጫጭኖቹ ደህና የሚመስሉህ ለዚህ ነው።

ስፒከሩ ሞቷል አልሞተም የሚለውን የሚወስነው ግን ስፖንጁ ሳይሆን ኮይሉ ነው፣ ከኮኑ ጋር ተያይዞ ማግኔቱ ውስጥ የሚመላለሰው የሽቦ ጥቅል። አውጣውና ሁለት ነገር ፈትሽ። መጀመሪያ ቴስተርህን ኦም ላይ አድርገህ ሁለቱን ተርሚናል ለካ። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ከ5 ተኩል እስከ 7 ገደማ ያሳያል፣ ባለ 4 ኦም ደግሞ 3 እና ትንሽ ፈሪ። ምንም ካላነበበ ወይ ኮይሉ ተቃጥሏል ወይ ከተርሚናሉ ወደ ኮኑ የሚሄደው የተጎነጎነ ሽቦ ተበጥሷል፤ ሽቦው ብቻ ከሆነ በሊድ ይበየዳል። ሁለተኛ፣ ስፒከሩን መሬት ላይ አስተኝተህ የሁለት እጅህን ጣቶች ኮኑ ላይ ፊት ለፊት አድርገህ እኩል፣ ቀስ ብለህ ወደ ታች ግፋው። ጆሮህን አስጠጋ። ዝም ብሎ ከወረደና ከተመለሰ ኮይሉ ጤነኛ ነው። አሸዋ በወረቀት እንደሚፋቅ ያለ ፍጭት ከሰማህ ግን ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው። ያኔ ዳሩ ስለለቀቀ ብቻ ወደ ጎን አጋድሎ ሊሆን ይችላል፤ የወረደውን ጎን በጣትህ ቀና አድርገህ እንደገና ሞክረው። የተቃጠለ ሽታ ካለው ደግሞ ንገረኝ፣ ሌላ ወሬ ነው።

ሲሊኮኑን እርሳው። ሲሊኮን ከባድ ነው፣ እኩል አይታጠፍም፣ ኮኑን አንድ ቦታ ላይ ይይዘዋል፣ በሌላ ቦታ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ቢመጣ ለማላቀቅ ወረቀቱን መቅደድ አለበት። በካላማዳሪያ ጎማ የተሠራም አይቻለሁ። እሱም ያው ነው።

ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት መረቡ፣ እጀታውና የሳጥኑ ብሎኖች መጥበቃቸውን እይ። ስፒከር ተቀደደ ተብሎ መጥቶልኝ የላላ እጀታ ሆኖ የተገኘ አለ።


ሰላም ባስ፦

የመኪና ሳቡን ነገር በራሴ ስለደረሰብኝ ልናገር። ቸርች ውስጥ ቤዝ እጫወታለሁ፣ ከአራት ዓመት በፊት የአምፓችን ስፒከር ሲበላሽ ልክ እንደዚህ ተመክሬ 15 ኢንች ሳብ አስገባሁ። አምፑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ከበሮው ዋጠኝ። መዘምራኑ «ቤዙ የለም እንዴ?» ይሉኛል፣ እኔ እጄ እስኪዝል እመታለሁ።

በኋላ ነው የገባኝ። የመኪና ሳብ ኮኑ ከባድ ነው፣ የሚሠራውም ለትንሽ ሳጥንና ለብዙ ዋት ነው። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት ሲለካ ብዙ ጊዜ 86፣ 87 ዴሲቤል አካባቢ ነው የሚሰጠው። የቤዝ ጊታር ስፒከር ግን 96፣ 97 ይሰጣል። 10 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ያንኑ ድምፅ ለማግኘት አሥር እጥፍ ዋት ማለት ነው! 100 ዋት አምፕ ይዘህ 10 ዋት እንደያዝክ ቁጠረው። በዚያ ላይ የጣትህን ንክኪ የሚያሰማው መካከለኛው ድምፅ ጠፍቶ ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። ዲጄ ሰሚት፣ ለመርዳት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለዲጄ ሥራ ሌላ ነው። ለቤዝ ጊታር ግን አይሆንም ወንድሜ።

የሊድ ጊታር ስፒከርም እንዳታስገባ። ኮኑ ብዙ እንዲሄድ አልተሠራም፣ በአንድ ምሽት ትጨርሰዋለህ።


የቤዝ ልጅ፦

እናመሰግናለን! ጋሼ ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ቴስተሩ 3.4 አነበበ፣ ስለዚህ ባለ 4 ኦም ነው ማለት ነው። ስገፋው መጀመሪያ በአንድ በኩል ፈጨ። የተላቀቀውን ጎን በጣቴ ደግፌ ቀና ሳደርገው ግን ፍጭቱ ጠፋ፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሽታ የለውም። ኮኑ ላይ ከጀርባው የሩብ ጣት የሚያህል ስንጥቅ አገኘሁ፣ ከፊት አይታይም ነበር።

እንግዲህ ስፖንጁን ከየት ነው የማገኘው? በምንስ ነው የሚለጠፈው፣ በማስቲሽ? ስፒከሩን እርስዎ ወዳሉበት መላክ ይቻል ይሆን ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን በመንገድ እንዳይጎዳ ፈራሁ። በራሴ እጅ ልሞክረው እፈልጋለሁ።


ብየዳና ሽቦ፦

ጎሽ። በራስህ እጅ ሥራው፣ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው።

ስፖንጁ ለየስፒከሩ ተለክቶ ተሠርቶ ይሸጣል፣ «15 ኢንች» ብለህ ብቻ ግን እንዳታዝዝ። የኮኑን የውጭ ዳር ከዳር እስከ ዳር ለካ፣ የብረት ክፈፉን የውስጥና የውጭ ስፋት ለካ፣ የመታጠፊያውን ጉብታ ስፋትም ለካ። ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ኮኑን ይጎትተዋል።

አሮጌውን ስታነሳ አትቸኩል። ስፖንጁ አንዳንዱ ኮን ላይ ከፊት፣ አንዳንዱ ላይ ከኋላ ነው የሚለጠፈው፤ ያንተ እንዴት እንደሆነ መጀመሪያ በስልክህ ፎቶ አንሳው። የቀረውን ሙጫ በጥጥና በንጹህ አልኮል እያረጠብክ በጥፍርህ ፋቀው። ብረቱ ላይ ያለውን በምላጭ ብትገፍፈው ችግር የለውም፣ ወረቀቱ ላይ ግን ምላጭ አታሳርፍ። የሚረግፈው ዱቄት ወደ ማግኔቱ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። የብረት ብናኝ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በፍጹም አትሥራ፤ አንዲት የብረት ፍርፋሪ ክፍተቱ ውስጥ ከገባች ድካምህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ስንጥቁን በሶፍት ሥራው። ሶፍቱን አንዱን ንብርብር ብቻ ለይ፣ ነጭ ኮላ በትንሽ ውኃ አቅጥን፣ ከጀርባ በኩል ለጥፍበትና ይድረቅ። ሁለት ንብርብር ይበቃል፣ አታወፍረው።

ለዳሩም ነጩን ኮላ ነው የምመክርህ። ማስቲሽ ወዲያው ይይዛል፤ ጠምሞ ከያዘ አበቃ። ኮላ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጥሃል። መጀመሪያ ስፖንጁን ከኮኑ ጋር ብቻ ለጥፈህ አሳድረው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ኮይሉን መሃል ማድረግ። መሃል ላይ ያለውን ቆብ በምላጭ ጫፍ ዙሪያውን ቁረጠው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ጠርዝ ትተህ፤ በኋላ እዚያው ጠርዝ ላይ ትለጥፈዋለህ። ከሥሩ የማግኔቱን እምብርትና በዙሪያው ያለውን የኮይል ቱቦ ታያለህ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። እኔ የአሮጌ ራጅ ፊልም በጣት ስፋት እየቆረጥኩ በአራት አቅጣጫ አስገባለሁ። ራጁ ከወፈረ ወረቀት ተጠቀም። ሳይጨነቅ ልክ ብሎ መግባት አለበት። ያን ጊዜ ኮይሉ የትም አይሄድም። ከዚያ የስፖንጁን የውጭ ጠርዝ ከብረቱ ጋር ለጥፍ፣ ዙሪያውን በልብስ መቆንጠጫ ያዝ፣ 24 ሰዓት አትንካው። ሲደርቅ ፊልሞቹን ሳብ፣ ኮኑን እንደ መጀመሪያው ግፋው። ዝም ካለ ቆቡን መልስ።

ከመግጠምህ በፊት አንድ ነገር አደራ። አምፑን ስፒከሩ ሳይኖር አብራው፣ ቮሊዩሙ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ወደ ስፒከር በሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ላይ ዲሲ ቮልት ለካ። ከ50 ሚሊ ቮልት በታች መሆን አለበት። በሚሊ ቮልት ሳይሆን በቮልት የሚቆጠር ካነበብክ ትራንዚስተሮቹ ተበላሽተዋል፣ የጠገንከውን ስፒከር በደቂቃ ያቃጥሉታል። ይሄ ለትራንዚስተር አምፕ ነው። ይሄን ከምታነቡት ባለ ቱዩብ አምፕ ያላችሁ ካላችሁ ግን ያለ ስፒከር በፍጹም እንዳታበሩ።

ስትገጥመው ደግሞ 180 ዲግሪ አዙረህ፣ የላዩን ታች አድርገህ ግጠም። ከባድ ኮን በዓመታት ብዛት ወደ ታች ያዘነብላል፣ ሲገለበጥ ራሱን ያቃናል።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ስፖንጁ እዚህ አሜሪካ በቀላሉ ይገኛል፣ ላባ የሚያህል ክብደት ነው፣ ማንኛውም ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ ማስገባት ይችላል። ጠፍጣፋ ካርቶን መካከል አድርጎ ልብስ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ተጣጥፎ ከከረመ ቅርጹን አይመልስም። ልኩን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ የእህቴ ልጅ ለፋሲካ ትመጣለች።

ለሌሎቻችሁ፣ የፒቪ ብላክ ዊዶው ስፒከር ያለው አምፕ ካላችሁ ነገሩ ይቀላል። ማግኔቱ በብሎን ነው የተያያዘው፣ ኮኑና ኮይሉ ከነክፈፉ ተነቅሎ አዲስ ይገባበታል። ሙጫም ማማከልም የለም።


የቤዝ ልጅ፦

ውጤቱን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። ስፖንጁ ደረሰ፣ ልኩ ልክክ ብሎ ገባ። እህታችንን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ቀን ሙሉውን አሮጌ ሙጫ ሳነሳ አለፈ። ቆቡን ስቆርጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ራጁ ወፍሮ አልገባ ስላለኝ የደብተር ወረቀት ቆርጬ ተጠቀምኩ። ዲሲው 12 ሚሊ ቮልት ነው ያነበበው። ፊልሙን፣ ማለቴ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስስብ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ኮኑን ስገፋው ምንም፣ ዝም።

ትናንት ማታ አጎቴን ጠራኋቸው። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ቀስ ብዬ አሞቅሁት፣ ከዚያ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ወፍራሙን ክር ባዶውን መቱና እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አሳርፈው እስኪጠፋ ድረስ ጠበቁ። ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ትዝታ ጀመሩ።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ባለ አምስት ክር ቤዝ ልይዝ አስቤ ነበር፣ ስፒከሩ ወፍራሙን የቢ ክር ይችለዋል?


ብየዳና ሽቦ፦

ቢ 31 ኸርዝ አካባቢ ነው። ሳጥንህ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ካለው፣ ከተሠራለት ድምፅ በታች ስትወርድ ኮኑን የሚይዘው አየር የለም፣ ዝም ብሎ ይወራጫል። ቀስ ብለህ ብትጫወት ይችላል። ሠርግ ላይ ከፍተህ ከሆነ ግን አምፑ ላይ ያለውን የቤዝ ቁልፍ ከግማሽ በታች አውርደው፣ አይንህንም ኮኑ ላይ አድርግ። አጎትህን ሰላም በልልኝ።