የጉማሬ ማስኮታችን ጭንቅላት ከበደ፤ ምን ይሻላል?

ጣና ዳር፦ ባሕር ዳር ለሚካሄደው የትምህርት ቤቶች ውድድር የጉማሬ ማስኮት (ሰው የሚለብሰው መለያ ምስል) እየሠራን ነው። ጭንቅላቱን በካርቶንና በሙጫ ሠራነው፤ የሚለብሰው ልጅ ግን አንገቱን አመመው። ቀለሙንስ ግራጫ እናድርገው ወይስ ሰማያዊ?

ልብስ ሰፊው፦ ካርቶኑን ተዉት፣ ላብ ሲነካው ይላላል። ፍራሽ ቤት ገብታችሁ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ግዙና በማስቲሽ አያይዙት። ማስቲሹን ሁለቱንም ጠርዝ ቀብታችሁ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቁ፤ እርጥቡን ከገጠማችሁት ስፌቱ ፀሐይ ላይ ይከፈታል። ውስጡ የግንባታ ሄልሜት አስገቡ፣ ክብደቱ አናት ላይ ያርፋል፣ ጭንቅላቱም አይዞርም። የጉማሬ አፍ ሰፊ መሆኑ ጠቅሟችኋል፦ በዓይኑ ሳይሆን በአፉ እንዲያይ ጥቁር መረብ ስፉበት።

አሠልጣኝ፦ ከሁሉ በላይ ሙቀቱን አስቡ። በቀትር ፀሐይ ከ15 ደቂቃ በላይ ማንም አይልበሰው። ሁለት ልጆች ይፈራረቁ፣ ውኃ ይዘጋጅ። እግሩ ሥር ያለውን ስለማያይ ክንዱን የሚይዝ ሰው አይለየው፤ ደረጃ ላይ የሚወድቁት ለዚህ ነው። ላብ የጠጣው ስፖንጅ በደንብ ሳይደርቅ ከተጠቀለለ ይሻግታል።

ሠዓሊ፦ ሰማያዊ። ግራጫ ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል። የመጀመሪያው ይፋዊ የበጋ ኦሎምፒክ ማስኮት፣ የሙኒኩ ውሻ ዋልዲ (1972 እ.ኤ.አ.)፣ ጭንቅላቱና ጅራቱ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ አካሉ ባለ ቀለም ሰንበር ነበር። የሞስኮው ድብ ሚሻ (1980 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ቡናማ ሆኖ ቀለሙን ያገኘው ከቀበቶው ነው። እናንተም አንድ ባለ ቀለም ቀበቶ ጨምሩለት፤ ዝርዝር አታብዙ፣ ቲሸርት ላይ ሲያንስ ይጠፋል።