«በመዝገብ አለ» ከተባለ መዝገቡን አሳዩን

የአራዳ ልጅ፦ ስለ ፒያሳ ፈረሳ በሬዲዮ ሲወያዩ አንዱ ተናጋሪ «ቤቱ ቢፈርስም ታሪኩ በመዝገብ አለ፤ ሙዚየምም አለን» አሉ። አዘጋጁም ዝም ብሎ አሳለፋቸው። የትኛው መዝገብ ነው? ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረ የአንድ ቤት ፋይል ጠይቆ ያገኘ ካለ እዚህ ይናገር።

ሰነድ ፈላጊ፦ አያገኝም። በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሰነድ የሚደረደረው ባመነጨው መሥሪያ ቤት እንጂ በቤት ወይም በሰፈር አይደለም። ስለዚህ ቤቱን ማን፣ መቼ፣ በምን ስም እንደመዘገበው አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። እስከ 1967 ቤቱ የሚታወቀው በባለቤቱ ስም ነው። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ በከፍተኛ (ያኔ ከቀበሌ በላይ በነበረው አስተዳደር)፣ በቀበሌና በቤት ቁጥር ሆነ። በ1995 ከተማው በ10 ክፍለ ከተማ ተዋቅሮ ቀበሌዎች ሲጣመሩ ቁጥሩ ዳግም ተለወጠ፤ ከዚያ ደግሞ ወረዳ መጣ። እነዚህን ስሞች የሚያያይዘው ብዙ ጊዜ በሩ ላይ የተቸነከረው ቆርቆሮ ነው፤ አሮጌው ቁጥር ከአዲሱ አጠገብ ይገኛል። ቤቱ ሲፈርስ ቆርቆሮው ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ይሄዳል። ያኔ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ቢኖርም የሚደርስበት ሰው የለም።

ጣራ ሥር፦ ሁላችሁም የምትቆረቆሩት ለበረንዳው ነው። ውስጡን አይታችሁታል? አንዱ ሳሎን በችፑድ ተከፋፍሎ ብዙ ቤተሰብ ይኖርበታል፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ባልዲ ይደረደራል። ቅርስ ነው እየተባለ ሰው እዚያ ውስጥ ይበስብስ? ታሪኩ በመዝገብ ካለ ይበቃል፤ ሰው ይቅደም።

ሜትርና እርሳስ፦ ወንድሜ፣ ሰው ይቅደም ባልከው እስማማለሁ። ቤቱን ያበላሸው ግን ዕድሜው አይደለም። የቀበሌ ኪራይ ጥቂት ብር ሆኖ ለጥገና አልበቃም፤ ተከራዩም በራሱ እጅ እንዳይነካው ተከለከለ። የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ውሃ ነው። አሸንዳው ሲቀደድ ውሃው ግድግዳው እግር ሥር ይወርዳል፣ የማገሩና የቋሚው ሥር ይበሰብሳል። ከዚያ «ጥገና» ተብሎ ሲሚንቶ ይለሰንበታል። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ እንጨቱ ከውስጥ ያልቃል፣ ልስኑም በአንድ ላይ ይወርዳል። አሸንዳና የጭቃ ልስን በየጊዜው ቢታደስ ኖሮ ዛሬ ይህ ክርክር ባልኖረ።

ጣራ ሥር፦ ቢታደስ ኖሮ! አልታደሰም። እኔ የምከራከረው ዛሬ ስላለው ቤት ነው።

ካዛንቺስ፦ ለመሆኑ ፒያሳ የጣልያን ሥራ አይደለም እንዴ? ለወራሪ ሕንፃ ይህን ያህል ማልቀስ ለምን?

የአራዳ ልጅ፦ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አራዳ ጣልያን ሳይመጣ የከተማው ገበያ ነበር፤ ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስዶ መርካቶን ያቋቋመው ጣልያን ነው። ጣይቱ ሆቴልም ከወረራው ብዙ ዓመት ቀድሞ የተሠራ ነው። የእንጨት በረንዳ ያላቸውን ቤቶች ከአበሻው ጋር አርመኑም ሕንዱም ግሪኩም ሠርቷቸዋል፣ ብዙዎቹም የምኒልክ ዘመን ናቸው። ምኒልክ በ1900 ባወጡት የከተማ መሬት ደንብ የውጭ አገር ሰው ጭምር ቦታ ይዞ ቤት ሠርቷል።

ካዛንቺስ፦ እሺ፣ ግን ጣልያን የሠራውም አለ፤ አትካደው።

የአራዳ ልጅ፦ አልካድኩም። እሱም የከተማው ታሪክ ነው።

ሰነድ ፈላጊ፦ ከመስመር ወጣን። «ሙዚየም አለን» ወደተባለው እንመለስ። የአዲስ አበባ ሙዚየም ያለው በራስ ብሩ ቤት ውስጥ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታና መታጠቢያ ክፍል እዚያው በቦታው ይታያል። የከተማችን ጥሩ ጥሩ ሙዚየሞች የተረፉት ቤቱ ስለተረፈ ነው።

ጣራ ሥር፦ ሁሉንም ቤት ሙዚየም ልታደርጉት ነው? እነዚህ ሁለቱ የመኳንንትና የንጉሥ ቤቶች ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር ያለውን የአንጥረኛ ቤት ማን ሙዚየም ያደርገዋል?

ሜትርና እርሳስ፦ የአንጥረኛው ቤት ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ፤ ስለሱ የተጻፈ የለምና። መፍረሱ ካልቀረ ቢያንስ ይለካ። ሁለት ሰው፣ የ30 ሜትር ሜትሮ፣ ወረቀት። የክፍሉን አራት ጎን ብቻ ለክቶ መውጣት የተለመደ ጥፋት ነው። አሮጌ ቤት ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ስላልሆነ ሰያፎቹ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) ካልተለኩ ቢሮ ተገብቶ ሲሣል ፕላኑ አይገጥምም። ፕላኑ በ1፡50 (50 ጊዜ አንሶ) ይበቃል፤ የበረንዳው ጥርብ እንጨት ግን በ1፡10 ይሣል። የአቡጀዲ ኮርኒስ ካለ ከበላዩ ይታይ፤ የጣራው አገጣጠም ከነምስማሩ እዚያ ነው ያለው። ፎቶ ሲነሳ መለኪያ ዘንግ አብሮ ይግባ፣ የበሩ ቁጥር ለብቻው በቅርብ ይነሳ። ነዋሪው ያለውን አሮጌ ፎቶ ሲሰጥ ጀርባውም ስካን ይደረግ፣ ስምና ዓመተ ምሕረት የሚጻፈው እዚያ ነው። የስካኑ ጥራት 600 ዲፒአይ፣ የፋይሉ ዓይነት ቲፍ ይሁን። ጄፔግ ታርሞ በተቀመጠ ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል።

ካዛንቺስ፦ ተለክቶስ? ኮፒው የት ይገባል? ወረዳ ከሆነ ቢሮ በተዛወረ ቁጥር ካርቶኑ ኮሪደር ላይ ነው የሚቀረው።

ሰነድ ፈላጊ፦ ወረዳ አይግባ። አንዱ ኮፒ ስድስት ኪሎ፣ አንዱ ወመዘክር። አዋጅ 179/1991 ለወመዘክር የመንግሥት ሰነድ የመሰብሰብ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ የፈረሱት ቀበሌዎች የቤት መዝገብም በዚሁ መግባት ነበረበት።

ጣራ ሥር፦ ለወረቀቱ ይህን ያህል ካሰባችሁ፣ ተነሺው ሰው የት እንደገባስ የሚመዘግብ አለ? እሱም የከተማው ታሪክ ነው።

የአራዳ ልጅ፦ እሱንም መዝግቡ ነው የምንለው። አንተ ግን እስካሁን የሬዲዮውን ሰውዬ ትደግፋለህ።

ጣራ ሥር፦ እደግፋለሁ።